መስመሩ ምን ይላል?

በ1995 ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የተባለውን ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም አንብበው ይፋ አደረጉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ራሱን ችሎ የሚኖር ፍጡር ጂኖም ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር፤ 1.8 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት፣ ከ1,700 የሚበልጡ ጂኖች። ፊደሉ ቢነበብም እያንዳንዱ ጂን ምን እንደሚሠራ የሚነግር መዝገብ ያስፈልግ ነበር። ለዚህም ተመራማሪዎቹ ሞኒካ ራይሊ ከሁለት ዓመት በፊት ካሳተሙት አመዳደብ ተበደሩ።

ራይሊ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ለዓመታት የሠሩ ሳይንቲስት ነበሩ። የባክቴሪያውን ጂኖች በየሥራቸው ለይተው በትልልቅ ክፍሎች መደቧቸው፤ ክፍሎቹንም በንዑስ ክፍሎች ከፋፈሏቸው። ከላይ ወደ ታች እየተከፈለ የሚወርድ ዛፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ጂንም በዛፉ ላይ ቦታ ተሰጠው። ለአንድ ባክቴሪያ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ አልነበረም። ነገር ግን ዛፍ ጥብቅ ነገር ነው። አንድ ቅርንጫፍ ከአንድ ግንድ ብቻ ይወጣል። አንድ ፕሮቲን ግን ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ሥራም የሁለት የተለያዩ ሂደቶች አካል ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የገፋው ሌሎች ፍጥረታት ሲከተሉ ነው። በ1996 የእርሾ ጂኖም ተጠናቀቀ፤ 12 ሚሊዮን ፊደል፣ 6,000 ያህል ጂኖች። በ1998 መጨረሻ የአንዲት ደቃቃ ትል ጂኖም ታተመ፤ የፍራፍሬ ዝንብም በመንገድ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ፍጡር የራሱ ተመራማሪዎች፣ የራሱ የመረጃ ቋት፣ የራሱ አነጋገር ነበረው። አንዱ ጋ «ትርጎማ» ተብሎ የተመዘገበው ሥራ ሌላው ጋ «ፕሮቲን ማምረት» ይባላል። ባለሙያው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች አድርጎ ያያቸዋል። ይህ የሆነው ደግሞ ጂኖሞቹ ሲነጻጸሩ አስደናቂው ነገር በታየበት ወቅት ነው፦ ዲኤንኤን የሚቀዱትና ህዋስ የሚከፋፍሉት ጂኖች በእርሾም፣ በዝንብም፣ በሰውም ዘመዳሞች ናቸው። በእርሾ ላይ የተገኘ እውቀት ለሰው ይጠቅማል፤ የጋራ ቋንቋ ከተገኘ።

ይህን ቋንቋ ለማበጀት ከተነሱት መካከል ግንባር ቀደሙ የካምብሪጁ ማይክል አሽበርነር ናቸው። የዝንብ ጄኔቲክስ ሊቅ፣ ፍላይቤዝ የተባለው የዝንብ መረጃ ቋት ከመሥራቾቹ አንዱ፣ በኋላም በእንግሊዝ ሂንክስተን የሚገኘውን የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ኢንስቲትዩት ከመሩት አንዱ ነበሩ። በ1998 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው የኮምፒውተር ባዮሎጂ ጉባኤ ሐሳባቸውን አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሦስት የመረጃ ቋቶች ተስማሙ፦ ፍላይቤዝ፣ በስታንፎርድ ያለው የእርሾ ቋት፣ በሜይን ግዛት ጃክሰን ላቦራቶሪ ያለው የአይጥ ቋት። ከበርክሊ ሱዛና ሉዊስ፣ ከስታንፎርድ ማይክል ቼሪ፣ ከጃክሰን ጁዲት ብሌክ አብረው ቆሙ። ሥራው ጂን ኦንቶሎጂ (በምህጻረ ቃል ጂኦ) ተባለ፤ ኦንቶሎጂ እዚህ ላይ ከነዝምድናቸው የተደራጁ ቃላት መዝገብ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔያቸው ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ነበር። የጂኑ ውጤት በሞለኪውል ደረጃ ምን ይሠራል? ያ ሥራ የየትኛው ሂደት አካል ነው? በህዋሱ ውስጥስ የት ይከናወናል? ለሦስቱም ለየብቻ የቃላት ስብስብ ተዘጋጀ። ሁለተኛው ውሳኔ ለእያንዳንዱ ቃል የማይለወጥ ባለ ሰባት አሃዝ መለያ መስጠት ነው። መለያው የተሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለፍቺው ነው። ስሙ ቢስተካከል ቁጥሩ አይነካም፤ ቃሉ ከአገልግሎት ቢወጣም «የቀረ» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ከሃያ ዓመት በፊት የተመዘገበ መረጃ ዛሬም ምን ለማለት እንደታሰበ ይታወቃል።

ሦስተኛው ውሳኔ የዚህ ትረካ ዋና ጉዳይ ነው። ቃላቱ እንዴት ይያያዙ? ሁለት ዓይነት ዝምድና ተመረጠ፦ «ዓይነቱ ነው» እና «ክፍሉ ነው»። ማይቶኮንድሪያ የህዋስ ውስጥ አካል ዓይነት ነው፤ ማይቶኮንድሪያ የሳይቶፕላዝም ክፍል ነው። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ወላጅ እንዲኖረውም ተፈቀደ። ስለዚህ ዛፉ ቀረና መረብ ሆነ፤ መስመሮቹ ሁሉ አቅጣጫ ያላቸው፣ ወደ ላይ የወጣ ዞሮ ወደ ራሱ የማይመለስበት መረብ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እንደሚወጣ፣ ኮምፒውተሩም ከአንድ ቃል ተነስቶ በወላጆቹ ሁሉ በኩል እስከ ሥሩ ይቆጥራል። ኮዱ አጭር ነው፤ ከቃሉ ጀምር፣ ወላጆቹን ሰብስብ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅም ያንኑ ድገም። ጥቂት ረድፎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያዎቹ ፋይሎችም እንደዚሁ ቀላል ነበሩ። ተራ ጽሑፍ፣ በአንድ ረድፍ አንድ ቃል። ረድፉ ምን ያህል ባዶ ቦታ ትቶ ገባ እንዳለ የቃሉን ወላጅ ያሳያል፤ ከቃሉ ፊት የተቀመጠው ምልክት ዝምድናውን ይነግራል። % ከሆነ «ዓይነቱ ነው»፣ < ከሆነ «ክፍሉ ነው»። ሌላ ወላጅ ካለው በረድፉ መጨረሻ ላይ ከነምልክቱ ይጨመራል። ባዮሎጂስቱ ፋይሉን ከፍቶ በዓይኑ ማንበብ ይችል ነበር፤ ይህም ለዘርፉ ትልቅ ጥቅም ሰጠ። አደጋውም እዚያው ነበር፤ አንዲት ባዶ ቦታ በስህተት ብትጠፋ ቃሉ ወደ ሌላ ወላጅ ይሄዳል፣ ልጆቹንም ይዞ።

በኅዳር 1999 ሥራው ተፈተነ። ሴሌራ የተባለው ኩባንያ የፍራፍሬ ዝንብን ጂኖም አንብቦ ስለነበር የዝንብ ሊቃውንትና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሜሪላንድ ሮክቪል ላይ ተሰባሰቡ። ከ13,000 በላይ ጂኖች ፊታቸው ተደርድረው ነበር። አዲሱ የጋራ ቋንቋ በሥራ ላይ የዋለው እዚህ ነው፤ ጂኖቹ ምን ምን እንደሚሠሩ የሚያሳየው ሰንጠረዥ በእሱ ተሞላ። የዝንቡ ጂኖም በመጋቢት 2000 ታተመ። ጂን ኦንቶሎጂን ያስተዋወቀው ጽሑፍ ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ ወጣ።

ቃላት ሲበዙ መስመሮቹ መከራከሪያ ሆኑ። የካይቲን ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካይቲን የነፍሳትን ጠንካራ የውጭ ሽፋን የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ የካይቲን ሂደት «ሽፋን መሥራት» ከሚለው ቃል ሥር ገባ። ለዝንብ ትክክል ነው። እርሾም ግን በህዋስ ግድግዳው ውስጥ ካይቲን አለው። የእርሾ ጂን በካይቲን ቃል ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ መስመሩን ተከትሎ ወጣና እርሾ የነፍሳት ሽፋን ይሠራል አለ። የትኛውም ሰው አልዋሸም፤ እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው ሲታይ እውነት ነበር። የተሳሳተው መስመሩ ነው። መፍትሔው ቃሉን መክፈል ሆነ፤ የሽፋን ካይቲን ለብቻ፣ የህዋስ ግድግዳ ካይቲን ለብቻ፣ ሁለቱም ከአጠቃላዩ የካይቲን ሂደት ሥር። ከዚህ ዓይነቱ ልምድ አንድ ሕግ ጸና፦ ከየትኛውም ቃል እስከ ሥሩ የሚወስደው እያንዳንዱ መንገድ ሁልጊዜ እውነት መሆን አለበት። ይህ ሕግ በእኔ እምነት ከብዙ ረቂቅ ቀመር ይልቅ ለዘርፉ ጠቅሟል፤ ምክንያቱም ማንኛውም ባዮሎጂስት ኮድ ሳያውቅ ሊፈትሸው ይችላል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፋይሉ ቅርጽ ተለወጠ። ኦቦ በተባለው አዲስ አጻጻፍ እያንዳንዱ ቃል የራሱ አንቀጽ አገኘ። የማይቶኮንድሪያ አንቀጽ ወደ እኛ ፊደል ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

[ቃል]
መለያ፦ ጂኦ:0005739
ስም፦ ማይቶኮንድሪያ
ዓይነቱ ነው፦ ጂኦ:0043231 ! በስስ ሽፋን የተከለለ የህዋስ ውስጥ አካል
ዝምድና፦ ክፍሉ ነው ጂኦ:0005737 ! ሳይቶፕላዝም

ከቃለ አጋኖው በኋላ ያለው ለሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያልፈዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ረድፍ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። «ዓይነቱ ነው» የራሱ ረድፍ አለው፤ ሌላው ሁሉ ግን «ዝምድና» ከሚለው በኋላ በስሙ ይጠራል። ይህች ትንሽ ለውጥ በሩን ከፈተች። በፊት አዲስ ዝምድና ለመጨመር አዲስ ምልክት መፈልሰፍ፣ ፕሮግራሞቹንም ማስተካከል ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ስም መስጠት በቂ ሆነ።

ስም መስጠት ቢቀልም ስሙ ምን ማለት እንደሆነ መስማማት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2003 ፈላስፋው ባሪ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በጂን ኦንቶሎጂ ላይ ጠንካራ ትችት ጻፉ። «ክፍሉ ነው» ለሚለው ዝምድና መመሪያው የሰጠው ፍቺ ላላ ያለ ነበር፤ ክፍሉ ሊሆን ይችላል ማለት እንጂ ሁልጊዜ ክፍሉ ነው ማለት አልነበረም። ሰው ሲያነበው ችግር የለውም። ኮምፒውተር ግን «ሊሆን ይችላል» በሚሉ መስመሮች ላይ ተረማምዶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደርስበት መደምደሚያ ምንም ዋስትና አይኖረውም።

በዚያው ዓመት የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሊቃውንት፣ አሽበርነርም አብረዋቸው፣ ከሌላ አቅጣጫ መጡ። የተወሰኑ ቃላትን ወስደው በሥነ አመክንዮ ቋንቋ ጻፏቸው፤ ከዚያም ሪዝነር ለሚባል፣ ከተሰጠው ዓረፍተ ነገር ተነስቶ የሚከተለውን ለሚያወጣ ፕሮግራም ሰጡት። ሄፓሪን የግላይኮሳሚኖግላይካን ዓይነት ከሆነ፣ ሄፓሪንን ማምረትም ግላይኮሳሚኖግላይካንን የማምረት ዓይነት መሆን አለበት። የሰው እጅ ይህን መስመር መሳል ረስቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ አገኘው። በ2004 ደግሞ የበርክሊው ክሪስ ሙንጋል የቃላቱን ስም ራሱን እንደ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ ፕሮግራም ሠሩ። «የእንትን ማምረት ሂደት» በሚል ቅርጽ የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ውስጣቸው ሰዋስው ነበራቸው፤ ሰዋስዉን የሚያነብ ኮድ የተደበቀውን ፍቺ ማውጣት ቻለ።

የትችቱም የሥራውም ውጤት በ2005 ጂኖም ባዮሎጂ ላይ ታተመ። ስሚዝ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ አናቶሚስቱ ኮርኔሊየስ ሮስ፣ የማንችስተሩ አለን ሬክተር፣ ከጂን ኦንቶሎጂ ወገን ጄን ሎማክስና ሙንጋል አብረው ፈረሙ። ትናንት የተቹና የተተቹ በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን ማስፈራቸው ሊከበር የሚገባው ነገር ነው። ጽሑፉ አሥር ዝምድናዎችን በጥብቅ ፈታ። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፦ በቃላት መካከል የሚሰመር መስመር ስለ ግለሰብ ነገሮች የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። «ኒውክለስ የህዋስ ክፍል ነው» ማለት እያንዳንዱ ኒውክለስ፣ በኖረበት በእያንዳንዱ ጊዜ፣ የአንድ የሆነ ህዋስ ክፍል ነው ማለት ነው። «ሁሉም» ከግራ፣ «አንድ የሆነ» ከቀኝ።

ቀላል ይመስላል፤ ያስከተለው ግን ብዙ ነው። መስመሩን መገልበጥ አይቻልም። እያንዳንዱ ኒውክለስ የህዋስ ክፍል ቢሆንም እያንዳንዱ ህዋስ ኒውክለስ የለውም፤ በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት የበሰሉ ቀይ ህዋሳት ኒውክለስ የላቸውም። ስለዚህ «ክፍሉ ነው» እና «ክፍል አለው» ሁለት የተለያዩ ዝምድናዎች ናቸው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን የሚሞላ ኮድ ይሳሳታል። ጊዜም ገባበት። ልጅ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ያው ግለሰብ ነው፤ ሁለት ህዋሳት ተዋህደው ጽንስ ሲሆኑ ግን አዲስ ነገር መጥቷል። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ዝምድና መግለጽ ስለማይቻል ሁለት ዝምድና ተሰጣቸው።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋው የታየው በ2008 ነው፤ «ይቆጣጠራል» የሚለው ዝምድና፣ «ያበረታታል» እና «ይገታል» ከሚሉት ሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ጂን ኦንቶሎጂ ሲገባ። እስከዚያ ድረስ አንድን ሂደት የሚቆጣጠረው ቃል ከሂደቱ ሥር «ክፍሉ ነው» ተብሎ ይቀመጥ ነበር። ስኳር መሰባበርን የሚገታ ፕሮቲን እንደ ስኳር ሰባባሪ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። አንድ ተመራማሪ በዕጢ ውስጥ የተቀሰቀሱ 300 ጂኖችን ይዞ የትኞቹ ሂደቶች በርክተው እንደተገኙ ኮምፒውተሩን ሲጠይቅ፣ ሂደቱን የሚያካሂዱትና የሚያስቆሙት ተደባልቀው ይመጡለት ነበር። አዲሱ ዝምድና ለያቸው።

በመስመሮቹ ላይ የሚሄደው ኮድም አብሮ መለወጥ ነበረበት። ወላጆችን መሰብሰብ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት መስመሮች ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ማወቅ አለበት። ሀ የለ ዓይነት፣ ለ ደግሞ የሐ ክፍል ከሆነ፣ ሀ የሐ ክፍል ነው። ሀ ለን ይቆጣጠራል፣ ለ የሐ ክፍል ነው፤ እንግዲያው ሀ ሐን ይቆጣጠራል። ሀ ለን ይቆጣጠራል፣ ለ ሐን ይቆጣጠራል፤ እዚህ ላይ ቁም፣ ምንም አይወጣም። ሀ ለን በክፍልነት አለው፣ ለ የሐ ክፍል ነው፤ አሁንም ቁም። ባዮሎጂ ውስጥ ያለ ክርክር ሁሉ ወደ እነዚህ አጫጭር ሕጎች ወርዶ በኮድ ውስጥ ትንሽ ሰንጠረዥ ይሆናል። መቼ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ፕሮግራም የሚገኘው ከዚህ ሰንጠረዥ ነው።

በ2010 ሌላ አጥር ታከለ። ወተት ማመንጨት በአጥቢዎች ብቻ የሚገኝ ሂደት ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ዝምድና ከተጻፈ፣ የዶሮ ጂን በዚያ ቃል በተመዘገበ ጊዜ ፕሮግራሙ ወዲያው ስህተቱን ይጠቁማል። ለብዙ ዕፅዋት ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። በ2014 በበርን ዩኒቨርሲቲ የዘሪሁን ታደለ ቡድን ፀደይ የተባለችውን የጤፍ ዝርያ ጂኖም አሳተመ። እንደ ጤፍ ያለ፣ አብዛኞቹ ጂኖቹ አንድ በአንድ በላቦራቶሪ ያልተፈተሹ ሰብል ሲነበብ የጂኖቹ ሥራ የሚገመተው ብዙ ከተጠኑ ፍጥረታት ጂኖች ጋር በማመሳሰል ነው። ሩዝ ላይ የተመዘገበ ቃል ጤፍ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ነው። መስመሩ የተሳሳተ ከሆነ ስህተቱም አብሮ ይደርሳል። ድርቅ የሚቋቋም ወይም ግንዱ የማይወድቅ ጤፍ ለማዳቀል የትኛውን ጂን ልከተል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ቋንቋው እንመለስ። በ2004 የኢንተርኔቱን ድር (ዌብ) ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት «አውል» የተባለውን የኦንቶሎጂ ቋንቋ አጽድቆ ነበር፤ በ2009 ሁለተኛው እትም ወጣ። በእሱ አጻጻፍ የማይቶኮንድሪያው «ክፍሉ ነው» መስመር መስመር መሆኑ ይቀራል። ማይቶኮንድሪያ ሁሉ «የአንድ የሆነ ሳይቶፕላዝም ክፍል የሆኑ ነገሮች» ከሚለው መደብ ውስጥ ይገባል ተብሎ ይጻፋል። የ2005ቱ ፍቺ ኮድ ሆነ። ችግሩ ፍጥነት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቋንቋ ሁሉንም ነገር ለመናገር የፈለገ ሰው ሪዝነሩ ለሰዓታት ሲያስብ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለተኛው እትም ጠበብ ያለ ክፍል ለየ፤ «አይደለም» እና «ብቻ» የማይባልበት፣ «አንድ የሆነ» ግን የሚባልበት። በ2011 ይፋ የሆነው ኤልክ የተባለ ሪዝነር በዚህ ክፍል የተጻፈን ከ300,000 በላይ ቃላት ያሉት የሕክምና መዝገበ ቃላት በሰከንዶች ውስጥ አደራጀ። ትንሽ መናገርን መርጦ ፈጣን መልስ ማግኘት፤ ለባዮሎጂ የሚበጀው ምርጫ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የጂን ኦንቶሎጂ አዘጋጆች የሥራ ልማድ ተለወጠ። ቀደም ሲል መስመሩን ሁሉ በእጅ ይስሉ ነበር። አሁን ለአዲሱ ቃል ፍቺውን በአመክንዮ ይጽፋሉ፦ «የስኳር መሰባበር መገታት» ማለት ስኳር መሰባበርን የሚገታ ቁጥጥር ነው። ቃሉ በመረቡ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ሪዝነሩ ያወጣል። የባለሙያው ጊዜ ወደ ሥነ ጽሑፉ ተመለሰ፤ የሙከራ ዘገባዎችን አንብቦ ሂደቱ በእርግጥ ምን እንደሆነ ወደ መወሰን።

በ2019 ሁለት ነገሮች በጽሑፍ ቀረቡ። ሮቦት የተባለው መሣሪያ ሪዝነሩን ማስኬድን፣ ስህተት መፈለግንና እትም ማዘጋጀትን ወደ ተራ ትእዛዝ አወረደው። ሌላው የበለጠ ሩቅ ያለመ ነው። ጂን ከቃል ጋር ብቻ ሳይሆን የአንዱ ጂን ሥራ ከሌላው ጂን ሥራ ጋር በምክንያትና ውጤት የሚያያዝበት አጻጻፍ ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ ታተመ። በእሱ ይህ ፕሮቲን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ሲሠራ የዚያኛውን ሥራ ይቀሰቅሳል ማለት ይቻላል። ሦስቱ የ1998 ጥያቄዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገናኙ።

አሽበርነር በሐምሌ 2023 አረፉ። ጂን ኦንቶሎጂ ዛሬ ወደ 40,000 የሚጠጉ ቃላት አሉት፤ ማንም በነጻ ያወርደዋል። የሚወርደው ግን በተለያየ እትም ነው። መሠረታዊው እትም «ዓይነቱ ነው»፣ «ክፍሉ ነው» እና የቁጥጥር ዝምድናዎችን ብቻ ይይዛል፤ በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ዙሪያ ጥምጥም እንደማይገጥም ዋስትና አለው። ሰፊው እትም «ክፍል አለው»ን ጨምሮ ሌሎችንም ይይዛል፤ ያ ዋስትና ግን የለውም። ሰፊውን አውርዶ መስመሮቹን ሁሉ እንደ «ዓይነቱ ነው» የሚሄድባቸው ፕሮግራም ያለ ምንም የስህተት መልእክት መልስ ይሰጣል፤ ሰንጠረዥም ያወጣል። በዚህ መስክ ኮድ ለሚጽፉ ወጣቶቻችን የምለው ይህን ነው፦ ወላጆችን የሚሰበስበውን ተግባር ከመጻፋችሁ በፊት ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱ፤ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ውስጥ ፋይሉ የሚጠቀምባቸው ዝምድናዎች ተጽፈው ይገኛሉ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚወልድ የሚናገሩ ሕጎችም በከፊል እዚያው አሉ።